ባስ ሲጠፋ በበሶ

ነገሩን የጀመረው ቴክሳስ የሚኖረው ወንድሜ ነው። አምና ጥቅምት ላይ የልጁን ቪዲዮ ላከልን። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ሐይቅ መሀል ጀልባ ላይ ቆሞ፣ አንድ አፈ ሰፊ አረንጓዴ አሳ በታችኛው ከንፈሩ አንጠልጥሎ ይስቃል። አሳው «ላርጅማውዝ ባስ» ይባላል። ልጆቼ ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳዩት የሞባይል ዳታዬ ምስክር ነው።

«እማዬ፣ እኛስ?» አለኝ ትልቁ።

ትልቁን ማሙሽ፣ ትንሿን ሚሚ እንላቸዋለን። እሱ 11፣ እሷ 7 ዓመታቸው ነው። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ ያደግኩት ዝዋይ ነው። ሐይቁ ዳር ወንዶቹ ልጆች ሲያጠምዱ እኛ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘን ቆመን እናይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዘንግ ጨብጬ አላውቅም። ስለዚህ «እንሞክራለን» ስላቸው ባለቤቴ ሳቀ። አሁንም አልፎ አልፎ ይስቃል።

ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው ውሃ አባ ሳሙኤል ነው። ከሀገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ግድብ። አንድ እሁድ ልናየው ሄድን። ገና ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ሁሉ ተሸክሞ የሚገባው እዚያ ነው። ውሃው ላይ እንቦጭ ተኝቶበታል። ሚሚ አፍንጫዋን ይዛ «እዚህ ያለው አሳ ምን ይበላል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። መንጠቆውን ሳንፈታ ተመለስን። ከዚህ ውሃ የወጣ አሳ ለልጆቼ አላበላም፤ እጃቸውንም አላስነክርም።

ስለዚህ ቢሾፍቱ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሚኒባስ ረዳቶቹ ዛሬም «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!» እያሉ ነው የሚጠሩት። ሐይቅ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ። ባቦጋያ ዳሩን ሎጅ ይዞታል፤ ሳያስፈቅዱ መቀመጥ አይቻልም። መስከረም መጨረሻ ደግሞ እሬቻ ስለሚከበር ሆራ አርሰዲ ሰው በሰው ነው፤ ያኔ ዘንግ ይዞ መሄድ የማይታሰብ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ውድቀት ነበር። ወንድሜ በሰው እጅ አንድ ሣጥን ማባበያ ልኮልን ነበር። የፕላስቲክ ትል፣ የፕላስቲክ እንቁራሪት፣ የሚያብረቀርቅ የብረት አሳ። ቪዲዮው ላይ የባስ አጥማጆች ጎህ ሳይቀድ ውሃ ላይ ናቸው። እኛም 11 ሰዓት ተነሳን። በብርድ ተንቀጠቀጥን። እየወረወርን እየሳብን፣ እየወረወርን እየሳብን እስከ 4 ሰዓት ቆየን። አንድም አሳ ዞር ብሎ አላየንም።

አጠገባችን መረቡን የሚጠግን ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ነበር። ሣጥኑን አየት አደረገና «ልጄ፣ ይሄ አሻንጉሊት ነው?» አለኝ።

«የአሜሪካ ነው አባባ» አልኩት።

«እንግዲያው የአሜሪካ አሳ ይብላው።»

እውነቱን ነው። ባስ አዳኝ ነው። ትናንሽ አሳ፣ እንቁራሪት፣ ውሃ ውስጥ ሮጥ ያለውን ሁሉ አሳድዶ ይውጣል። የፕላስቲክ እንቁራሪት የሚያታልለው ለዚህ ነው። የእኛ ሐይቅ አሳ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን በአብዛኛው ውሃው ላይ ያለውን አረንጓዴ ነገር ለቃሚ ነው። እንቁራሪት ቢያይ ምን ቸገረው? ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ጠዋት በዚያ ብርድ መቆማችን ለራሳችን ቅጣት እንጂ ለአሳው ምንም አልነበረም። አሁን ከቤት የምንወጣው ቁርስ በልተን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው።

አባባ ሊጥ ተጠቀሙ አሉን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊጥ ይዘን ሄድን። ይሠራል፤ ግን ውሃ ሲነካው ቶሎ ይሟሟል። በሶውን ያመጣችው ሚሚ ናት። ለመክሰስ የያዝነውን በሶ በትንሽ ውሃ ጠበቅ አድርጋ እያሸች አተር አተር የሚያህል ድቡልቡል ሠራች። መንጠቆ ላይ ሙጭጭ አለ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተንሳፋፊው ሰመጠ። ተንሳፋፊ የምለው ከአሮጌ ስሊፐር የቆረጥነውን ስፖንጅ ነው። ወጣ! የእጄን መዳፍ የምታክል ቆሮሶ። ማሙሽ ጮኸ፣ ሚሚ ጮኸች፣ እኔም ጮኽኩ። ማታ ለወንድሜ ስንነግረው «በምን ያዛችሁ?» አለ። ማሙሽ ሳይቀድሙት «ባስ ሲጠፋ በበሶ!» አለው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ተረት ሆነ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ዘንጉ ቀርከሃ ነው። ክሩ፣ መንጠቆው፣ ክሩን የምታሰምጠው ትንሿ እርሳስ መርካቶ ይገኛል። የመንጠቆ ነገር ግን ሳላወራ አላልፍም።

ሦስተኛው ጉዟችን ላይ ማሙሽ ወደ ኋላ ሳያይ ወረወረ፤ ክሩ ቁጥቋጦ ያዘው። ሊያላቅቅ ሲጎትት መንጠቆው አውራ ጣቱ ውስጥ ገባ። መንጠቆ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ አለችው፤ ሲገባ ያስገባል፣ ሲወጣ አያስወጣም። እኔ ደግሞ ደንግጬ ልጎትተው ሞከርኩ። በፍጹም እንዳታደርጉት። ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ጣቱን አደንዝዛ፣ ጫፉን ወደ ፊት አሳልፋ አወጣችው፤ እሾሁን ቆረጠችና የቀረውን በገባበት መለሰችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ሁለተኛ ስትሄዱ እሾሁን በፒንሳ ጨፍልቁት» አለችኝ። ይኸው አሁን አንድም መንጠቆ ሳይጨፈለቅ ከቤት አይወጣም። አንዳንድ አሳ ያመልጣል። ያምልጥ።

ከመንጠቆው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ውሃው ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። እንደ ዝዋይ እየራቁ እየራቁ አይጠልቁም። ዳሩ ላይ ጉልበት ድረስ የነበረው ሁለት እርምጃ አልፎ ገደል ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ነጠላዬን አውልቄ ሚሚን ወገቧ ላይ አሰርኳት፤ ሌላውን ጫፍ እጄ ላይ ጠመጠምኩት። እንደ በግ ተጎተተች። የሚያልፈው ሁሉ ሳቀብን። ይሳቅ። በኋላ ወንድሜ ሁለት የሕይወት አድን ጃኬት ላከ። ሕጋችን አጭር ነው፤ ጃኬት የሌለው ዘንግ አይነካም፣ ዘንግ የያዘ ከውሃው ሁለት እርምጃ ይርቃል። ቀርከሃው ረጅም ስለሆነ በደንብ ይደርሳል።

አንድ ቀን አባባ ከመረባቸው አንዲት ቆሮሶ አወጡና ሚሚን ጠሯት። አፏን ቀስ አድርገው ከፈቱት። ውስጡ ቢጫ እንቁላል ሞልቶታል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው፤ ተፈልፍለውም ትንሽ እስኪጠነክሩ ከአፏ አይርቁም።

«እሷ መንጠቆሽ ጋ አትመጣም» አሏት አባባ። «አሁን አትበላም።»

«ትጾማለች?»

«ትጾማለች።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት ገደማ።»

ሚሚ ቤት ስትገባ ለአባቷ የነገረችው ይህንን ብቻ ነው። ማሙሽ ደግሞ ከወንድሜ የሰማውን ጨመረ። ባስ ላይ ጎጆውን የሚሠራውም፣ እንቁላሉንና ጫጩቱን የሚጠብቀውም አባትየው ነው። ባለቤቴ ያን ማታ ሳህን አጠበ። ግንኙነት ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ወደ ውድድሩ ልምጣ። የአሜሪካኖቹ የባስ ውድድር ማሙሽን ሊያሳብደው ደርሶ ነበር። ሬይ ስኮት የሚባል ሰው በ1967 እንደ እነሱ አቆጣጠር ትልቁን ውድድር ጀመረ። ከ1972 ጀምሮ ደግሞ የተያዘውን አሳ በሕይወት ወደ ውሃው መመለስን አስለመደ። አሁን በብዙው ውድድር ትልልቆቹ አምስት አሳዎች ተመዝነው ይደመሩና ይለቀቃሉ። የሞተ አሳ ያመጣ ክብደት ይቀነስበታል። ቴክሳስ ውስጥማ 13 ፓውንድ፣ ማለትም 6 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ባስ የያዘ ሰው ለማራቢያ እንዲሆን ለመንግሥት ሊያውሰው ይችላል። አሳ ማዋስ! ይህን ለእናቴ ብነግራት ትታመምብኛለች።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የተማሪዎቹ ውድድር ነው። ሁለት ልጆች አንድ ቡድን ይሆናሉ። ጀልባውን የሚነዳላቸው አዋቂ ነው፤ ብዙ ጊዜ አባት ወይም እናት። ካፒቴን ይሉታል። ካፒቴኑ ግን ማጥመድ አይፈቀድለትም።

ሚያዝያ ላይ የብሎካችንን ልጆች ሰብስበን የራሳችንን አደረግን። ስድስት ልጆች፣ ሦስት ቡድን፣ አራት ወላጅ። ሚዛን አሳውን ያጉላላዋል ብለን በርዝመት አደረግነው። ጣውላ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ቸነከርን፣ ጣውላውን አረጠብነው፣ የእያንዳንዱ ቡድን ትልልቅ ሦስት አሳ ይደመራል። አሳ የሚያዘው በእርጥብ እጅ ነው፤ ደረቅ እጅ ላዩ ላይ ያለውን ልስልስ ነገር ይገፈዋል። ቆሮሶን ደግሞ ከራሱ ወደ ጭራው ክንፉን እያስተኙ ካልያዙት የጀርባው እሾህ ይወጋል። ዋንጫው የወርቅ ቀለም የተረጨ የፕላስቲክ ኩባያ ነበር። የካፒቴንን ሕግ ያጸደቅኩት እኔ ራሴ ነኝ። ወላጅ ዘንግ አይነካም።

ግማሽ ሰዓት አልቆየሁበትም። የሚሚ ተንሳፋፊ ሰመጠ። እሷ ደመና ታያለች። «ሳቢው! ሳቢው!» ብዬ ዘለልኩና ዘንጉን ከእጇ ነጠቅኩ። አሳው አመለጠ። ሚሚ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ካፒቴን አያጠምድም።»

ሁሉም ሰማ። የጎረቤታችን አባት ከት ብሎ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን እሱም የልጁን ዘንግ ሲያስተካክል ተያዘ። የዚያን ቀን ያወቅኩት ነገር ቢኖር ለካ አምስት ወር ሙሉ ስታጠምድ የነበረችው እኔ ነኝ። ዝዋይ ጀሪካን ይዛ ቆማ የነበረችው ልጅ። ልጆቼ እኔን አጅበው ነበር የሚመጡት። ሚሚ የሚስባት በሶ ማድቦልቦል፣ አባባን መጠየቅ፣ ጉንዳን ማየት ነው፤ አሳው ለእሷ ምርቃት ነው። ማሙሽ ደግሞ ማሸነፍ ይፈልጋል፤ ያን ቀን በአንድ ሴንቲ ሜትር ተሸነፈና በሚኒባስ እስከ ቱሉ ዲምቱ አለቀሰ። ላባብለው አልሞከርኩም። ሰኞ ዕለት ራሱ ሜትሩን ይዞ ክሩን ሲለካ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ለወጥኩ። ክር መፍታት። ልጆች ባሉበት ክር ይተበተባል፤ አንዱን ስትፈቱ ሌላው ይጠብቃል። ጥፍርና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። የራሴን ዘንግ ቤት ትቼ መሄድ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች እጄ በላኝ።

ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛውን ውድድር ጠራን። አሁን አሥር ልጆች ሆነዋል። ኩባያው እንደገና ቀለም ተረጭቷል። ደርሰን መንጠቆ ጣልን። ምንም። ቦታ ቀየርን። ምንም። ውሃው ላይ ሁለት ሦስት ትናንሽ አሳዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። አባባ መረባቸውን እንኳ አልዘረጉም።

«ውሃው ተገልብጧል» አሉን። በዚህ ብርድና ነፋስ ላዩ ይቀዘቅዝና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥር ያለው አየር የሌለው ውሃ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። አሳው ይታፈናል። የሚበረታው ይደበቃል፣ የሚደክመው ይሞታል። በየዓመቱ እኩል ባይሆንም ብርዱ ሲበረታ ያጋጥማል። አሥሩም ልጆች ከበዋቸው ያዳምጣሉ። ማሙሽ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ አወጣና አሸተተው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን አንድም አልያዝንም። የሁሉም ቡድን ውጤት ዜሮ ሆነ። ዋንጫው ለማን ይሰጥ በሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። ሚሚ ኩባያውን ከመሀላቸው አነሳችና ከቦርሳዬ ያልተነካውን በሶ አወጣች። በውሃና በስኳር በጠበጠችው። ለአባባ መጀመሪያ፣ ከዚያ በየተራ። የወርቁ ቀለም የተረጨው በውጭ በኩል ብቻ መሆኑን እኔ ቀድሜ አይቻለሁ።