የነብሮ እግርና የአባቱ ነገር

ውሻ ያነከሰ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ወጌሻ ይየው» ይላል። ሌላው «ዳይክሎፌናክ ስጠው፣ ለሰው የሆነ ለውሻ ያንሳል እንዴ?» ይላል። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ በራቸው ላይ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ አብዶ እንዳይሆን! አትጠጋው!» አሉኝ። ሁሉም ከደግነት ነው። ማንን እንደምሰማ ግን ግራ ገባኝ።

ነብሮ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ያኔ ገና ዓመት አልሞላውም። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወረድ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደረስ ነው። ክረምት ነበር። በር ሲንኳኳ እንደ ልማዱ ተወርውሮ ሄደ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ተንሸራተተና ጮኸ። ከዚያ የግራ የኋላ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ። ልዳስሰው እጄን ስዘረጋ ጥርሱን አሳየኝ። ለእኔ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የጀመረው አፉን ከማሰር ነው። ያረጀ ነጠላ ቀደድኩ። አፉ ላይ ጠመጠምኩ፣ ከአገጩ ስር አቋለፍኩ፣ ከጆሮው ኋላ ቋጠርኩ። (የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ውሻ ግን አፉ አይታሰርም፤ ሊታፈን ይችላል።) እግሩን አላሸሁም፣ አልጎተትኩም፣ በእንጨትም አላሰርኩም። ጋቢ ላይ አስተኝተን፣ ከወንድሜ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን አነሳነው።

የወጌሻ እጅ አከብራለሁ፤ እኔንም አንዴ አሽተውኛል። ግን ስብራት ይሁን ውልቃት ሳይለይ መጎተት ለማንም አይበጅም። ስለ መድኃኒቱ ደግሞ ምንም ክርክር የለውም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ለውሻ የሚሰጡ ማስታገሻዎች አሉ፤ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ከነሱ መካከል ናቸው። መጠኑን ሐኪም በውሻው ኪሎ አስልቶ ይወስናል። ቤት ውስጥ የሰው መድኃኒት ከተሰጠው፣ ሐኪሙ ትክክለኛውን ለመስጠት እጁ ይታሰራል።

ቀጥሎ የመኪና ጣጣ መጣ። የጠራኋቸው ሾፌሮች ውሻውን ሲያዩ «ወንድሜ፣ ወንበሬን!» እያሉ ሄዱ። የደረሰልን አንድ የላዳ ሰውዬ ነው። የኋላ ወንበሩ ላይ ባዶ ማዳበሪያ ዘረጋልንና «እኔም ቤት አንድ አለ» አለ። ዋጋ ላይ ግን አልራራልንም።

ሁሉም የእንስሳት ክሊኒክ ራጅ የለውም። ውሻ ተሸክሞ ከመንከራተት ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። ዶክተሯ ገና ስንገባ የጠየቀችው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱን ነው። ነብሮ ተከትቧል፤ ወረቀቱም ስልኬ መያዣ ውስጥ ነበር። ማታ እማማንም ያረጋጋቸው ይኸው ካርድ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ማህተሙን አዩ፣ ቀኑን አስነበቡኝ፣ ከዚያ «በል እንግዲህ፣ እግዜር ይማረው» አሉ።

ነብሮን በመርፌ አደንዝዘው በጀርባው አስተኙት። የኋላ እግሮቹን ቀጥ አድርገው ዘርግተው ራጅ አነሱት። ስብራት የለም። የጉልበቱም ጅማት አልተበጠሰም፤ ጡንቻው ነው የተጎዳው። እፎይ ልል ስል ዶክተሯ በእርሳስ ወደ ዳሌው ጠቆመችኝ። «ይሄኛው የዛሬ አይደለም» አለች። «ደረጃ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አለህ?»

ነበረኝ። ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ እያነሳ ነው የሚወጣው። ቤት ውስጥ ስንስቅበት የኖርነው ነገር ነው። እሷ አልሳቀችም።

የጠረጠረችው ሂፕ ዲስፕሌዥያ የሚባለውን ነው። የጭኑ አጥንት ራስ ዳሌው ጉድጓድ ውስጥ፣ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባ ገጥሞ መቀመጥ አለበት። ጉድጓዱ ጥልቀት ካነሰው ወይም መገጣጠሚያው ከላላ አጥንቱ ይንሸራተታል፣ ይፋተጋል፣ ውሎ አድሮ ቁርጥማት ያመጣል። ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር ላይ ይበዛል። በዘር ይመጣል፤ ግን በአንድ ዘረመል ብቻ የሚወሰን አይደለም። ዳሌያቸው ደህና የሆነ ወላጆችም የታመመ ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ። ውፍረትና የአመጋገብ ስህተት ደግሞ ያባብሱታል።

ይሁንና «ነው» አላለችኝም። አጥንቱ ገና እያደገ ነው። አሜሪካ ውስጥ የውሻ ዳሌ የሚመዝነው ኦኤፍኤ የተባለው ተቋም እንኳ የመጨረሻ ደረጃ የሚሰጠው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከስብራት ይልቅ ያደከመኝ ይህ «ምናልባት» ነው። ስብራት ቢሆን ይታሰራል፣ ይጠገናል፣ ያልቃል።

መጠበቅ ሲሰለቸኝ ዘር ቆጠራ ጀመርኩ። እኛ ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ቡችላ ሲሸጥ ግን «ንጹህ ጀርመን ነው» ከተባለ በቂ ነው። ለሻጩ ደወልኩ።

«አባትየው ያነክሳል እንዴ?»

«አባቱ እኮ ግዙፍ ነው! በር ላይ ሲቆም ሰው አያልፍም።»

«እሱስ ይሁን። ሲነሳ ይቸገራል?»

ትንሽ ዝም አለ። «ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ብርዱ ነው።»

አልተጣላሁትም። ብጣላው የነብሮን እህት ጌታ ስልክ አላገኝም ነበር። ጉለሌ ያለችው እህቱም ስትነሳ እንደምትንገታገት ሰውየው ነገረኝ፤ እሱም ብርዱ መስሎት ነበር። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ዶክተሯም እንደዚያው አለች። ግን ካርዱ ላይ ጻፈችው። ሰውየውም ራጅ ሊያስነሳት ነው።

ጉዳቱ በዕረፍትና በመድኃኒት ዳነ። ነብሮ በገመድ ብቻ ነበር የሚወጣው፤ ሩጫም ዝላይም አልነበረም። የዳሌው ነገር ግን የየቀን ሥራ ሆነ። ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ ዘረጋን። ደረጃውን በጣውላ ከለልነው።

ዋናው ለውጥ ሳህኑ ላይ ነው። እዚህ ሰፈር ውሻን መውደድ ማለት ማጥገብ ማለት ነው። ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ፣ ከዚህ ቤት ፍርፋሪ፣ ከዚያ ቤት አጥንት ይመጣለታል። (በጾም ቀን እሱም ሳይወድ ይጾማል።) አሁን የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ መገኘት አለበት፤ መለኪያዬ ይህ ነው። 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ጥናት አለ። 25 በመቶ ያነሰ የበሉት በአማካይ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ብልጫ ኖረዋል፤ የመገጣጠሚያ ቁርጥማታቸውም ዘግይቶ ነው የመጣው። ይህን ለእማማ ነገርኳቸው። «አይ የናንተ ጥናት! ውሻ አስርቦ ዕድሜ ይረዝማል?» አሉና ዳቦውን ከኋላቸው ደበቁ።

«አጥንቱ እንዲጠነክር» ተብሎ የሚሰጠው የካልሲየም ዱቄትም ቀርቷል። ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተመጣጠነ ምግብ ላይ ካልሲየም መጨመር የአጥንት እድገታቸውን ያዛባል እንጂ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከላይ ያለው ጎረቤቴ ሴት ጀርመን ሼፐርድ አለችው፤ «ከነብሮ አንድ ዘር» እያለ ቀጠሮ ሊያሲዘኝ ይፈልጋል። እምቢ ብያለሁ። ነብሮ ይኮላሻል፤ ግን አሁን አይደለም። ጀርመን ሼፐርድ ዓመት ሳይሞላው ከተኮላሸ የመገጣጠሚያ ችግሩ እንደሚጨምር ታይቷል። ስለዚህ ዶክተሯ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለተኛውን ራጅ እናነሳና በዚያው እንጨርሰዋለን ብላለች። ጎረቤቴ «ራጁ ደህና ከሆነስ?» ይላል። ደህና ቢሆንም አባቱን አውቄዋለሁ። እስከዚያው የግቢው በር ተቆልፎ ይውላል።