ያጸዳሁት የእንቁላል ቅርፊት

ጅማ ውስጥ በአንድ የቁሳቁስ ምርምር ላብ ነው የምሠራው። ናሙና አዘጋጃለሁ። እቆርጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እመዝናለሁ። ተማሪዎች ለወራት የሚደክሙት እኔ ባዘጋጀሁት ላይ ስለሆነ በንጽህና ጉዳይ ቀልድ አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። የእንቁላል ቅርፊት እስኪሰበር ድረስ ምን ያህል ጫና እንደሚችል ልትለካ ነው። ቅርፊቱን ከላቡ ፊት ለፊት ካለችው ቁርስ ቤት ነው ያገኘነው። ማዘር ለእንቁላል ፍርፍር የሰበረችውን በየጠዋቱ በፌስታል ታስቀምጥልናለች። ተማሪዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብላ እየለካች ውፍረታቸው የሚመሳሰለውን መረጠች። ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ዓይን የሚያደክም ሥራ ነው።

ዓርብ ስትሄድ «ጋሼ፣ እስከ ሰኞ አጽዳልኝ» አለችኝ።

ቅርፊቱ ውስጥ የተለጠፈችውን ስስ ሽፋን ታውቋታላችሁ። የተቀቀለ እንቁላል ስንልጥ የምታስቸግረን እሷ ናት። እኔ እንደ ቆሻሻ ነው ያየኋት። በውሃ አልለቅ ስትለኝ ፈርነስ በምንለው የላቡ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው፤ 550 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት። በዚያ ሙቀት ማዕድኑ እንደማይጎዳ አውቃለሁ። ቅርፊቱ 95 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኖራ የሚሆነው ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ነው።

ሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። ነጭ፣ ንጹህ፣ ቅርጹ እንዳለ። መዘንኩት፤ የቀነሰው ከቁጥር የሚገባ አልመሰለኝም። ደስ አለኝ። አንዱን በወረንጦ አነሳሁት፤ ተሰበረ። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ ያዝኩት፤ እሱም ተሰበረ። ሦስተኛውን መዳፌ ላይ አድርጌ በጣቴ ነካሁት። እንደ ጠመኔ ፍርክስክስ ብሎ ጣቴ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

ልጅቷ መጥታ ሳህኑን አየችና «ጋሼ፣ ምን ነካው?» አለች። የሠራሁትን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ዝናቡ የጎዳውን የማድ ቤት ግድግዳ ልንመርግ ነበር። አሮጌውን ምርጊት ሳራግፍ አንድ ትልቅ ጓል ተሰንጥቆ ተላቀቀ፤ ግን አልወደቀም። በሦስት የጤፍ ጭድ ተንጠልጥሎ ቀረ። እጄ ጭቃ እንደሆነ ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭቃ አቡክቻለሁ። ጭድ የሌለው ምርጊት ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቅና እንደሚረግፍ ማንም አልነገረኝም፤ አብሬው ያደግኩት ነገር ነው። ላብ ውስጥ ግን ጭዱን አቃጥዬ ጭቃውን አስቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ዶሮዋ መጀመሪያ የምትሠራው ያቺን ሽፋን ነው። ማዕድኑ ሽፋኗ ላይ ካሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ነጥቦች ተነስቶ ያድጋል። ፕሮቲኑ እዚያው አይቀርም፤ ማዕድኑ መሃል ሁሉ ይገባል። ይህ ሁሉ በ20 ሰዓት ገደማ፣ ከ41 ዲግሪ ባልራቀ የገላዋ ሙቀት ያልቃል። እኛ ሲሚንቶ ለመሥራት ምድጃውን 1450 ዲግሪ እናደርሳለን። እውነቱን ለመናገር ይህን ካነበብኩ በኋላ ዶሮን በድሮው ዓይኔ ማየት አልቻልኩም።

ዕንቁ የሚያፈሩ የባሕር ፍጥረታት ደግሞ ይብሳሉ። የቅርፊታቸው የሚያብረቀርቀው የውስጥ ገጽ 95 በመቶው ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ግን ከአንድ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በቀጠኑ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች እንደ ጡብ ተደርድሯል፤ በመሃላቸው ስስ የፕሮቲንና የካይቲን (የነፍሳት ጠንካራ ልባስ የሚሠራበት ቁስ) ንጣፍ አለ። ስንጥቅ ሲጀምር ቀጥ ብሎ ማለፍ አይችልም፣ በየጡቡ ዙሪያ መጠማዘዝ አለበት። ስለዚህ እሱን ለመስበር የሚያስፈልገው ጉልበት ማዕድኑን ብቻውን ለመስበር ከሚያስፈልገው እስከ 3000 እጥፍ ይደርሳል።

ይህን አይተው የኮረጁ አሉ። በ2006 የአሜሪካው የበርክሊ ብሔራዊ ላብራቶሪ ተመራማሪዎች የሴራሚክ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ከአንድ ወገን ቀስ ብለው አቀዘቀዙት። በረዶው በስስ ንጣፍ ሲያድግ ዱቄቱን ወደ መሃል መሃሉ ገፋው። በረዶው ሲወጣ ድርድሩ ቀረ፤ ክፍተቱን በሌላ ቁስ ሞሉት። በ2008 አልሙኒየም ኦክሳይድ የሚባለውን ሴራሚክና ፕላስቲክ በዚሁ መንገድ አዋህደው፣ ለመስበር ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው ከ300 እጥፍ በላይ ጉልበት የሚፈልግ ነገር አወጡ። ድርድሩን የሠራላቸው በረዶ ነው። ይህ እስካሁን ይገርመኛል።

ቅርፊት እንደገና መሰብሰብ ጀመርን። አሁን ምርጫው ላይ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አጠብኩ፣ ጥላ ላይ አደረቅኩ፣ ሽፋኗን አልነካሁም። የተቃጠሉትንም አልጣለቻቸውም፤ ለማነጻጸሪያ ብላ በብልቃጥ አስቀመጠቻቸው።

የመጀመሪያውን የለካች ቀን ከማሽኑ አጠገብ ሆና «ጋሼ፣ ና እይ!» ብላ ጠራችኝ። ቅርፊቱ አምስት ስድስት ቦታ ተሰነጣጥቋል። በወረንጦ ጫፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ቁርጥራጮቹ ሽፋኗ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱም አልወደቀም።