«ፓርቲ የለኝም» ያልኩ ቀን

ጁን 26፣ 2018 ጠዋት ደህና ሸሚዝ ለብሼ፣ የሰባት ዓመት ልጄን እጇን ይዤ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። አባቷ ሲመርጥ ትይ ብዬ ነው። ዜጋ ከሆንኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ቦታው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት፣ ታኮማ ፓርክ ነው።

አስፈጻሚዋ ስሜን ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገችና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። አየሁት። ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደሩ ሰዎች ስም አለ። ከዚያ ውጪ ምንም የለም።

«ሴናተሩስ? የካውንቲው አስተዳዳሪ፣ ኤክስክዩቲቩስ?»

«አንተ ፓርቲ የለኝም ብለህ ነው የተመዘገብከው። ዛሬ ደግሞ ፕራይመሪ ነው። ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን የሚመርጡበት ቀን ነው» አለችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ።

«እሺ፣ አሁን አባል ልሁን።»

«አይሆንም። ለተመዘገበ ሰው ፓርቲ መቀየሪያው ከምርጫው 21 ቀን በፊት ይዘጋል።»

ለትምህርት ቦርዱ ክቧን አጠቆርኩና ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። ልጄ «አባዬ፣ በቃ?» አለችኝ። በቃ።

ጥፋቱ የኔው ነው። 2016 መኸር ላይ ለዜግነት ቃለ መሐላ ፈጽሜ ስወጣ፣ በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው መራጭ የሚመዘግቡ ሰዎች ነበሩ። ቅጹ ላይ ዴሞክራት፣ ሪፐብሊካን እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ «ፓርቲ የለኝም» የሚል ሳጥን አለ። እጄ ሳላስበው ነው እዚያ ላይ ምልክት ያደረገው። እኛ ቤት «ፓርቲ» የሚለው ቃል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚነገረው። አባቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሙን አጥቷል። ሲመክረኝ ሁልጊዜ «ተማር፣ ሥራ፣ ስምህን ማንም መዝገብ ላይ አታስጽፍ» ነበር የሚለው። በምርጫ 97 አዲስ አበባ ላይ ሌሊት ተነስቼ ተሰልፌ ስመርጥ እንኳን፣ ሁለት ጣት ይሁን ንብ ለእሱም አልነገርኩትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታዲያ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ በመሐላዬ ቀን የፓርቲ አባል ልሁን?

ያ ዓመት ኖቬምበር ላይ ስመርጥ ምንም ችግር አልገጠመኝም። በጠቅላላ ምርጫ ጊዜ ፓርቲ ኖረህ አልኖረህ ወረቀቱ አንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ገደማ ሙሉ መራጭ ነኝ ብዬ ኖርኩ።

እዚህ ጋ የኛን ሰፈር ነገር ላስረዳ። ሜሪላንድ ለራሷ ሴኔት 47 ዲስትሪክቶች፣ ማለትም የምርጫ ክልሎች አሏት። ከእያንዳንዱ አንድ ሴናተር ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ይሄዳል። የኛ ቁጥር 20 ነው። ታኮማ ፓርክን፣ የሲልቨር ስፕሪንግን መሐል ከተማና ዙሪያውን ይይዛል። ሲልቨር ስፕሪንግን የማያውቅ አበሻ ካለ፦ ጆርጂያ አቬኑ እና ፌንተን ስትሪት አካባቢ እንጀራውም፣ ክትፎውም፣ የአገር ቤት ፖለቲካውም ሞልቶ ነው። ካውንቲያችን ሞንጎመሪ ራሱ ከጎንደር ጋር እህትማማች ነው።

እዚህ ሰፈር ዴሞክራት ያልሆነ ሰው ማሸነፉ ዘበት ነው። ስለዚህ ወንበሩ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በፕራይመሪው ነው። ኖቬምበር ላይ የምንሰለፈው ለማጽደቅ ያህል ነው። ዛሬ ኮንግረስ ውስጥ ያሉት ጄሚ ራስኪን ሴናተር የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ያኔ የሕግ መምህር ነበሩ። በ2006 ፕራይመሪ፣ ለብዙ ዓመት ወንበሩን የያዙትን ሴናተር አይዳ ሩበንን አሸነፉ። ራስኪን ወደ ኮንግረስ ሲያልፉ ቦታውን ዊል ስሚዝ ያዘ። የሚያሳዝነው እኔ የማውቀው አበሻ ግማሹ «ፓርቲ የለኝም» ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ስጠይቅ ሦስት ጓደኞቼ እንደኔው ሆነው ተገኙ። አንደኛው «ገለልተኛ ነኝ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

በነገራችን ላይ ከዜግነቴ በፊት የበለጠ መራጭ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምክር ቤት እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። 2013 ላይ በግሪን ካርዴ ስመርጥ ከኋላዬ ሪዛቸው ያልወጣ ልጆች ተሰልፈው ነበር። ለካ በዚያ ዓመት ነው ለ16 ዓመት ልጆች የተፈቀደው። የፓርቲ ነገር የሚጠይቅ የለም። እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልክ በቅደም ተከተል ትደረድራለህ። ለስቴት ሴኔቱ ግን ዜጋ ያልሆነ አይመርጥም። ይቆጠራል ግን። ዲስትሪክት የሚከፋፈለው በሕዝብ ቁጥር እንጂ በመራጭ ቁጥር አይደለም። ዲቪ ደርሶት ትናንት የገባውም ሰው የሴናተሩ ሕዝብ ነው። ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ 15 ዶላር የሚያደርሰውን ሕግ የስቴቱ ሕግ አውጪዎች 2019 ላይ የገዢውን ቬቶ ሽረው ሲያጸድቁት፣ ማንም «ዜጋ ነህ ወይ» ብሎ አልጠየቀንም።

ወደዚያ ሳምንት ልመለስ። የካውንቲ ኤክስክዩቲቩ ቆጠራ አላልቅ አለ። ድጋሚ ተቆጠረና ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን በ77 ድምፅ አሸነፈ። ሰባ ሰባት! ቡና ቤት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የማገኘው ሰው ከዚህ ይበልጣል። በዚያው ቀን ቅጽ ሞላሁና ዴሞክራት ሆንኩ። አባቴ በሕይወት ቢኖር አልነግረውም ነበር። የፖስታ ሳጥኔ ከዚያ ወዲህ ከእጩዎች ማስታወቂያ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ከላይ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። በሰማንያዎቹ የመጡ ናቸው። እሳቸው በፓርቲ ነገር አልተቸገሩም። ገና ሲመዘገቡ ዴሞክራት ነኝ አሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ጃንሆይ ዋሽንግተን መጥተው የተቀበሏቸው ኬኔዲ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። ነገሩ 1963 ላይ ነው የሆነው። ክርክር አያስፈልገውም።

የእሳቸው ችግር ማንበቡ ነው። የኛ ካውንቲ ወረቀት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የሚታተመው። የፌዴራሉ ሕግ የምርጫ ወረቀት በቋንቋቸው እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ ለእስያውያን፣ ለቀደምት አሜሪካውያንና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ነው። አፍሪካ የለችበትም። አማርኛ ተናጋሪ የፈለገውን ያህል ቢበዛ ሕጉ አይቆጥረውም። ነገር ግን 1982 ላይ የተጨመረ ሌላ አንቀጽ አለ። ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ካልሆነ በቀር። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም።

ጁላይ 19፣ 2022 አብረን ሄድን። ስሜን ጽፌ ፈረምኩና አጠገባቸው ቆምኩ። ስሞቹን እያነበብኩ እተረጉማለሁ።

«ለሴኔት፣ ዊል ስሚዝ።»

«የትኛው? ያ በጥፊ የተማታው?»

«አይ እማማ፣ እሱ የሲኒማው ነው። ይሄ የኛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደገው።»

«አፍጋኒስታን ዘምቶ የመጣው?»

«አዎ፣ እሱ።»

«በል አጥቁርለት።»

ለእያንዳንዱ ስም አሳብ ነበራቸው። ገና ኤክስክዩቲቩ ላይ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና በጣታቸው አሳዩኝ። እንደታዘዝኩት አጠቆርኩ።

ያም ዓመት ቆጠራው ሳምንታት ፈጀ። ኤልሪችና ብሌር እንደገና ተናነቁ። በመጨረሻ ኤልሪች በ32 ድምፅ አሸነፈ። እማማ ዜናውን ከኔ ቀድመው ሰምተው ኖሮ ማታ በሬን አንኳኩ።

«ከሠላሳ ሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ!» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ወረቀታቸውን ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ጣታቸው የቱ ስም ላይ እንዳረፈ አውቃለሁ። ኤልሪች አልነበረም። «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ» አልኳቸውና ቡና ጣድኩ።