ኦርጋኒክ ግብርናን ኮምቦልቻ ላይ ከማን ተማርኩ?

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በቃሉ ወረዳ ከእናቴ በወረስኩት ሁለት ጥማድ መሬት ላይ አትክልት፣ ማሾና ጥቂት ማሽላ አመርታለሁ። ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ አልጨምርም፤ ፀረ ተባይ ኬሚካልም አልረጭም። ማሳዬን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ “ይህን የት ተማርሽው?”

በአካባቢያችን “ኦርጋኒክ ግብርና ማሰልጠኛ” የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ቤት አላየሁም። እውቀቱ ግን አለ። ትንሹ በልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ዘንድ፣ ትንሹ በግብርና ኮሌጁ ማሳ፣ ትንሹ በደሴ የአፈር ላቦራቶሪ፣ ብዙው ደግሞ ዕድሜ በጠገቡ ገበሬዎች ዘንድ ተበትኖ ይገኛል። የእኔ ድርሻ እየዞርኩ መልቀም ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው መንገዱን እንዲያሳጥር ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችንን ካመሰቃቀለ በኋላ የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ብዙዎቻችን ያለ ከረጢቱ ማምረት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ የጀመርነው ያኔ ነው። እኔ ግን ቀደም ብሎም ልቤ ሸፍቶ ነበር። ያለ ጓንት፣ ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ነፋስ ፊታቸው ላይ እየመለሰባቸው የሚረጩ ወጣቶችን ሳይ ሁልጊዜ ያመኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቀበሌያችን የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ነው። የኤክስቴንሽን አሠራሩ በአንድ ቀበሌ ሦስት ባለሙያ ይመድባል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የሰብሉ ባለሙያ ዕቅድ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ዙሪያ የተዋቀረ ስለሆነ “ያለ ማዳበሪያ ማምረት እፈልጋለሁ” ብሎ ለሚመጣ ሰው ብዙ የሚለው የለውም። የኮምፖስት፣ ማለትም ከቅጠላ ቅጠልና ከፍግ ተብላልቶ የሚሠራው ማዳበሪያ፣ ዝግጅት ግን በተፈጥሮ ሀብት ሠራተኛዋ ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ አለ። ስለዚህ “ኦርጋኒክ” የሚለውን ቃል ትቼ “ኮምፖስት አሳዪኝ” አልኳት። በደስታ መጣች። ከዚያ ወዲህ የትም ቢሮ ስሄድ አንድ ጥርት ያለ፣ በሠራተኛው ሥራ ውስጥ የሚወድቅ ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ። ሰፊ ጥያቄ የያዘ ሰው ሰፊ መልስ ተቀብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለ ኮምፖስት ብዙ እላለሁ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። በበጋ ጉድጓድ፣ በክረምት ከመሬት በላይ ክምር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጋ ላይ እርጥበቱን መያዝ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ውኃ እንዳያቁርበት ማድረግ ያስፈልጋል። ከታች የማሽላ አገዳ ተቆራርጦ ይነጠፋል፤ ከላዩ እርጥብ ቅጠልና አረም፣ ቀጥሎ ፍግ፣ ቀጥሎ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ፤ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔው ከ25 እስከ 30 ለ1 ይሁን ይላሉ። በገበሬ ቋንቋ ደረቁ ከእርጥቡ ይብለጥ፣ ፍግም አይጥፋ ማለት ነው። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ተክዬ በየጊዜው እየነቀልኩ እዳስሳለሁ። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይፈልጋል፤ ከሸተተ ውኃው በዝቷል፣ ይገላበጥ። በእኛ ሙቀት ከሦስት እስከ አራት ወር ይበቃዋል።

ለወሎ ገበሬ ሳልነግረው የማላልፈው ነገር ቅንጬ አረም ነው፤ ፓርቲኒየም የሚባለው። በየመንገዱ ዳር፣ በየማሳው ሞልቷል። ካላበበ ጥሩ እርጥብ ግብዓት ነው። ካበበ በኋላ ግን አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ፍሬ ሊሰጥ ስለሚችል ክምሩ በደንብ ካልጋለ ኮምፖስቱ አረም መዝሪያ ይሆናል። ስለዚህ ሳያብብ ይታጨድ፤ ቆዳን ስለሚያስቆጣም እጅና ክንድ ይሸፈን። ሌላው የጫት ገረባ ነው። ከተማው ውስጥ በነፃ ይገኛል፣ ለመውሰድም ያጓጓል። እኔ አልወስድም። ጫቱ ብዙ ጊዜ ኬሚካል ተረጭቶ የሚመጣ ስለሆነ ምን እንደተረጨበት ሳላውቅ ማሳዬ አላስገባውም።

ኮምፖስት አዲስ ነገር አይደለም። የዘላቂ ልማት ተቋም፣ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ መሪነት፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የሠራው ሥራ በሰፊው የታወቀ ነው። ኮምፖስት ያገኙት ማሳዎች ምንም ካልተጨመረባቸው እጅግ የተሻለ፣ ከማዳበሪያውም ጋር የሚፎካከር ምርት ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ አሰልጣኞች የሚዘሉትን ስሌት መናገር አለብኝ። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በ100 ኪሎ ደረቅ ኮምፖስት ውስጥ ያለው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው፤ እሱም በአንድ ወቅት ሁሉም አይለቀቅም። ስለዚህ አንዲት ጉድጓድ ቆፍሮ ዩሪያውን በአንድ ጊዜ የተወ ሰው ሰብሉ ቢጫ ሆኖ ቢያየው ኮምፖስት ውሸት ነው ሊል አይገባውም። መጠኑ በሄክታር በቶን የሚቆጠር መሆን አለበት፤ ከጎኑም ጥራጥሬ ያስፈልጋል። እኔ ሽንኩርት ያነሳሁበትን መደብ ማሾ እዘራበታለሁ። ማሾ ቶሎ ይደርሳል፣ ገበያ አለው፣ ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ከአየር ናይትሮጅን ይይዙለታል። መሬቱንም በአንድ ዓመት ሙሉ አልቀየርኩም፤ በጥቂት መደብ ጀምሬ ኮምፖስቴ በበረከተ ቁጥር አሰፋሁ።

አፈሬ ምን እንደጎደለው በግምት ማውራት ስለሰለቸኝ ናሙና ይዤ በሐረጎ ሽቅብ ወደ ደሴ ወጣሁ። የክልሉ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ እዚያ አለ። የናሙና አወሳሰዱን ያሳየኝ በኮምቦልቻ የግብርና ኮሌጅ የሚያስተምር መምህር ነው። በማሳው ላይ እየተጠማዘዙ ከብዙ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍሮ ማውጣት፣ በንጹሕ ዕቃ መቀላቀል፣ ከድብልቁ አንድ ኪሎ ያህል ወስዶ ጥላ ላይ ማድረቅ። ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥርና ከአጥር ዳር አይወሰድም። ውጤቱ የኦርጋኒክ ካርቦን፣ ማለትም ከበሰበሰ ተክልና ፍግ የሚመጣው፣ መጠኑ ዝቅተኛ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የማሽላ አገዳ ለማገዶ መሸጥ አቆምኩ።

ኮሌጁንም ሆነ ደሴ ያለውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ክፍል ሰዎች እንደ ሩቅ አገር ያዩዋቸዋል። መምህራኑ ለምርምር፣ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ሥራ እውነተኛ ማሳ ይፈልጋሉ። “ማሳዬ ክፍት ነው፣ ኑና አወዳድሩበት” ያለ ገበሬ አማካሪ አያጣም። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ያገኙትን ውጤት በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ጽፈው እንዲሰጡኝ። በሰሜን ወሎ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለእንደኛ ዓይነቱ ዝናብ አጠር አካባቢ ማሽላና ጥራጥሬ ላይ ይሠራል፤ ወረዳው የመስክ ጉብኝት ሲያዘጋጅ ስሜን አስቀድሜ አስመዘግባለሁ።

ዘርን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ሼህ ናቸው። ስለ ማሽላ ስጠይቃቸው ወደ ጎተራቸው ወስደው በየዓይነቱ አሳዩኝ። “ልጄ፣ አንድ ዓይነት ብቻ የዘራ በአንድ ዝናብ ላይ ዕጣ የጣለ ነው” አሉኝ። ቶሎ የሚደርሰውን፣ ዘግይቶ የሚዘራውን፣ ለእንጀራ የሚሻለውን፣ ወፍ የማይደፍረውን ለይተው ያውቁታል። ወተት በጉንጬ የምንለው ማሽላ በፕሮቲን ጥራቱ፣ በተለይ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ይዘቱ፣ በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የተገኘውም ከዚሁ ከወሎ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ሲበላ እነዚህ ዘሮች እንዳይጠፉ ከታገሉት አንዱ የዘር ሳይንቲስቱ ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ፤ ዘር በገበሬው እጅ ሆኖ እንዲጠበቅ በሸዋና በወሎ ሠርተዋል። ኦርጋኒክ ግብርና ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው ለሚለኝ ሰው የሼሁን ጎተራ አሳየዋለሁ።

በተባይ ላይ ያገኘሁት ምክር ግን ጥሩውም መጥፎውም ተደባልቆ ነበር። ለክሽክሽና ለጓይ ትል የኒም ፍሬ ተወቅጦ፣ በውኃ አድሮ፣ ተጠልሎ ይረጫል። ቆላው ላይ ዛፉ ይገኛል። ፀሐይ ቶሎ ስለምታፈርሰው ማምሻውን ነው የምረጨው፤ ትሉን ወዲያው ገድሎ ስለማይጥል፣ እንዳይበላና እንዳያድግ ስለሚያደርግ፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፈሽ እርጪ ያሉኝም ነበሩ። ይህን አልቀበልም። ኒኮቲን ለሰውም መርዝ ነው፤ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ሕግም የትምባሆ ዱቄትን በግልጽ ይከለክላል። ከዕፅዋት የመጣ ሁሉ ደህና አይደለም። መርጫውም የራስ መሆን አለበት፤ ከጎረቤት በተዋስነው መርጫ ውስጥ ትናንት ምን እንደነበረ አናውቅም። ከሚረጭ ጎረቤት ጋር በምዋሰንበት በኩል ሰስባኒያ የሚባል ቁጥቋጦና ደሾ ሣር ተክያለሁ። ነፋሱን ይገታሉ፣ ለከብትም መኖ ናቸው።

ውኃ ግን በአጥር አይከለልም። ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ሲሄድ የሁለት ከተሞችን ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ነው። በወንዙና በገባሮቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ከከተማ በታች በወንዙ የሚያጠጣ ሰው ኬሚካል ባይረጭም ጎመኑ ንጹሕ ነው ብሎ ሊምል አይችልም። እኔ የማጠጣው ከጉድጓድ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የወረዳው ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እናገራለሁ፤ አሁንም አልተውም።

ከማሳ ውጭ ስሆን 8028 እደውላለሁ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው ነፃ መስመር ነው፤ ለአዘራርና ለተባይ መረጃ ይጠቅማል። አክሰስ አግሪካልቸር የሚባለው ድርጅት ገበሬ ለገበሬ የሚያስተምርባቸውን ቪዲዮዎች በአማርኛም ያቀርባል። እነዚህን ስልኬ ላይ አውርጄ ለሰፈሬ ሴቶች የማሳያቸው ቡና ላይ ነው፤ አንዷ ስታየው ሌላዋ ትከራከራለች፣ ከክርክሩ በኋላ ማንም አይረሳውም።

ቡድናችን የበቀለውም ከዚያው ቡና ነው። በቅሬ፣ በእኛ አካባቢ እድር ማለት ነው፣ የምንተዋወቅ ሴቶችና ወንዶች ስለሆንን መተማመኑ ቀድሞ ነበር። ኮምፖስት መገልበጥ ለብቻ ወገብ ይሰብራል፤ በወንፈል ግን በአንድ ጠዋት ያልቃል። መርጫና ጋሪ የገዛነው በእቁብ ነው። ከወለድ ነፃ የሆነ ብድር በባንኮቻችን መኖሩ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ቢሆንም እስካሁን አልወሰድንም፤ ሥራው ከብር ይልቅ ጉልበት የሚበላ ነውና።

ስለ ምስክር ወረቀት ብዙ ሰው ተሳስቶ ይመጣል። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አላት። ለውጭ ገበያ ግን ገዢው አገር የሚቀበለው ተቆጣጣሪ ድርጅት መጥቶ መመርመር አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለዓመታዊ ሰብል ከመዘራቱ በፊት ሁለት ዓመት፣ እንደ ቡና ላሉ ቋሚ ተክሎች ሦስት ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠይቃል። ይህ ለቡና አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ያዋጣል። ደሴ ፒያሳ ቲማቲም ለሚሸጥ ሰው ወጪው ከትርፉ ይበልጣል። ለእኛ የሚሆነው አሳታፊ የዋስትና ሥርዓት የሚባለው ነው፤ ገበሬዎችና ሸማቾች አብረው ደንብ ያወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ማሳ ይጎበኛል፣ የታየው ይጻፋል። ዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ንቅናቄዎች ፌዴሬሽን የሚደግፈው አሠራር ነው።

እኛም ጀምረናል። እያንዳንዳችን ደብተር አለን፤ የተዘራው፣ የተጨመረው፣ የተረጨው ከነቀኑ ይሰፍራል። ማንበብ የማይችሉትን ልጆቻቸው ይጽፉላቸዋል። ከኮምቦልቻ ሁለት ደንበኞቻችን በጉብኝቱ አብረውን ይዞራሉ፤ አንዷ የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ስለሆነች ጥያቄዋ ከባለሙያ አይተናነስም። አሁን ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ አስገብተናል፤ በእሁድ ገበያ ላይ አንድ ቋሚ ቦታ እንዲሰጠን፣ ደብተሮቻችንም ጠረጴዛው ላይ ለማንኛውም ገዢ ክፍት እንዲሆኑ። ከገራዶ አትክልት የሚያመርቱ ገበሬዎች ደንባችንን ጠይቀውናል፤ ቅጂው ተልኮላቸዋል፤ ከመኸር በኋላ ማሳቸውን አብረን እንጎበኛለን።