ሦስት ወር ከደብል ባስ ጋር፤ የፖፕስ ፎስተርን ቀኝ እጅ ፍለጋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ደብል ባስ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ የእንጨት ባስ) መማር ከጀመርኩ ሦስተኛውን ወር ጨረስኩ። ባለፈው ቃል እንደገባሁት ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስላፕ ነው፤ ክሩን ስቦ በመልቀቅ እንጨቱን እንዲመታ ማድረግ ማለት ነው።

እኔ የመጣሁት ከባስ ጊታር ነው። እዚያ ድምፅ ካነሰ አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ከፍ ማድረግ ነው። ደብል ባስ ላይ ግን ሁሉም ከእጅ ነው የሚወጣው፤ ይሄ በደንብ የገባኝ የጃዝ ባስ ተጫዋቹን ፖፕስ ፎስተርን መስማት ስጀምር ነው። ሰውዬው በ1892 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ሉዊዚያና ውስጥ ተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ኒው ኦርሊንስ ገባ፣ በቼሎ ጀምሮ ወደ ባስ ዞረ። ከትሮምቦን ተጫዋቹ ኪድ ኦሪ ጋር ሠራ። ከዚያ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች በፌት ማረብል ባንድ ውስጥ ተጫወተ፤ ወጣቱ ትራምፔት ተጫዋች ሉዊ አርምስትሮንግም እዚያው ነበር። እስቲ አስቡት፦ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ድራም፣ የሚጨፍር ሕዝብ፣ የባስ ማጉያ የሚባል ነገር የለም። ክሩን ወደ ውጭ ስቦ ሲለቀው እንጨቱን መትቶ ጧ የሚለው ድምፅ ያን ሁሉ ጫጫታ ሰንጥቆ ይወጣል። ስላፕ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለመሰማት ነው።

በ1929 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሉዊስ ራስል ባንድ ጋር የቀረጻቸውን ሙዚቃዎች በሄድፎን ደጋግሜ ሰማሁ። ዘጠና ምናምን ዓመት አልፎት እንኳ ባሱ ጥርት ብሎ ይሰማል!

ልምምዴ በቀን 20 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ወር በጣት ጉልበት ብቻ ስጎትት ጣቴ ውሃ ቋጠረ፣ አንድ ሳምንት አረፍኩ። አሁን ሁለት ጣት አጣምሬ በክንዴ ክብደት ነው የምስበው፣ ከአራቱ ምቶች በ2ኛውና በ4ኛው ላይ በመዳፌ እንጨቱን እመታለሁ። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) በደቂቃ 120 ምት ላይ አራት ደቂቃ እዘልቃለሁ፤ 160 ላይ ግን ከደቂቃ በኋላ ምቱ ይበተንብኛል። አንድ የጠቀመኝ ነገር፦ ስልካችሁን ከክፍሉ ማዶ አስቀምጣችሁ ቅረጹ። አጠገባችሁ ጮክ ያለው እዚያ ሲደርስ የለም።

የፎስተር የሕይወቱ ነገር ደግሞ ልቤን ነካው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለጥቂት ዓመታት የኒው ዮርክ ምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወደ ባሱ ተመለሰ፤ ከክላሪኔትና ሳክስፎን ተጫዋቹ ሲድኒ ቤሼ ጋር፣ በኋላም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከፒያኖ ተጫዋቹ ኧርል ሃይንስ ጋር ተጫወተ። በ1969 እዚያው አረፈ።

የሚቀጥለው ወር የቀስት ነው፤ ክሩን በጣት ሳይሆን እንደ ማሲንቆ በቀስት እየፈተጉ መጫወት። እስከዚያ አንድ ጥያቄ፦ በእሱ ዘመን የባስ ክር እንደ በገናችን ከአንጀት ነበር የሚሠራው፣ የእኔ ብረት ነው። ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ለስላፕ ጣት ላይ ምን ያህል ይለያያል?