ወደ ስሜት መግቢያውን ብቻ ያስተማርኳት ተዋናይት

ተውኔቱ ለሕዝብ ሊታይ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የልጇን መርዶ የምትሰማውን እናት የምትጫወተው ወጣት ተዋናይት ቃለ ተውኔቷን በሚገባ አጥንታለች፤ መርዶው በሚነገርበት ትዕይንት ላይ ግን ፊቷ የሚያሳየው ሐዘን ከላይ የተለጠፈ ይመስል ነበር። አሠልጣኟ እኔ ስለነበርኩ፣ ሌሎቹ ሲያርፉ ወንበር ላይ አስቀምጬ ዓይኗን እንድትጨፍን ነገርኳት፤ ከዚያም በራሷ ሕይወት የምትወደውን ሰው ያጣችበትን ቀን፣ የክፍሉን ሽታ፣ ብርሃኑ የሚገባበትን አቅጣጫ፣ በእጇ ይዛው የነበረውን ዕቃ ጭምር እየጠየቅኩ ወደ ኋላ መለስኳት።

የስሜት ትውስታ የሚባለው ይህ ልምምድ ከሩሲያዊው የቴአትር ሰው ከኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ የመጣ ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ የትወና መምህሩ ሊ ስትራስበርግ የሥልጠናው ዋና ምሰሶ አድርጎታል። እኔም በዚሁ መንገድ ነበር የሠለጠንኩት፤ ተዋናዩ ወደ ስሜቱ እንዴት እንደሚገባ በዝርዝር ተምሬያለሁ።

እንባዋ ወዲያው መጣ፤ እኔም በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። ትዕይንቱን ጀምሪ ስላት ግን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አላለፈችም፤ ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ ትንፋሿ ደረቷ ላይ ቆመ፣ ጣቶቿም የወንበሩን ጠርዝ አልለቅ አሉ። «በቃ፣ እረፊ» አልኳት። እኔ ያቆምኩት ልምምዱን ነው፤ እርሷ ግን ገና በዚያ ቀን ውስጥ ነበረች። የልምምዱ ሰዓት አልቆ ሌሎቹ ሲሄዱም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ከማጽናናት በቀር ላደርግላት የምችለው አንድም የሙያ ነገር አልነበረኝም።

በማግስቱ ያንኑ ትውስታ ስንሞክር ምንም አልመጣም። «መምህር፣ የሌላ ሰው ታሪክ ሆነብኝ» አለችኝ። በየምሽቱ መድረክ ላይ ለምትቆም ተዋናይት አንድ ቀን የሚያሰጥም፣ በማግስቱ የሚደርቅ ምንጭ ምን ይጠቅማታል?

አሜሪካዊቷ ተዋናይትና የትወና መምህርት ስቴላ አድለር በ1934 ፓሪስ ውስጥ ከስታኒስላቭስኪ ጋር ከሠራች በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሳ፣ እርሱ በዚያን ጊዜ አብልጦ የሚያተኩረው ገፀ ባሕርይዋ ባለችበት ሁኔታና በምትፈጽመው ድርጊት ላይ መሆኑን ለባልደረቦቿ አስረድታ ነበር። ይህን አውቀው ነበር፤ ነገር ግን በልምምድ ክፍሌ ውስጥ ሥራ ላይ አውዬው አላውቅም።

ስለዚህ ከስሜቱ መውጫ ጀመርን። ሱዛና ብሎክ የተባለች ተመራማሪ በቺሊ ባዳበረችው ዘዴ ውስጥ፣ ተዋናዩ ስሜትን በትንፋሽ፣ በሰውነት አቋምና በፊት ጡንቻ ቀስቅሶ ሲጨርስ ራሱን መልሶ የሚያረጋጋበት ሥርዓት አለ፤ ይህንኑ መሠረት አድርገን ቀጥ ብሎ መቆምን፣ ቀስ ብሎ በእኩል መጠን መተንፈስን፣ ፊትን በመዳፍ ማበስንና አቋምን መለወጥን ደጋግመን ተለማመድን። ከዚህም በላይ ስሜቷን ከ1 እስከ 10 እንድትለካ አደረግኩ፤ እስከ 4 ወጥታ አንድ ዐረፍተ ነገር ከተናገረች በኋላ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች፣ ከዚያም እስከ 6። መመለሱን ሳታረጋግጥ ከፍ እንድትል አልፈቀድኩላትም። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሙሉ አንድ ሳምንት ወሰደብን፤ አዘጋጁም ጊዜ እያባከንን መስሎት ነበር።

ለትዕይንቱ የራሷን ሐዘን ትተን የልጁን ሸሚዝ ሰጠናት። ሥራዋ መርዶው እየተነገራት ሸሚዙን አጥፎ መጨረስ ብቻ ነው፦ ቁልፎቹን ከላይ ወደ ታች መቆለፍ፣ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ መመለስ፣ አንገትጌውን ማስተካከል። እንድታለቅስ አንድም ጊዜ አልጠየቅኳትም።

በመጀመሪያው ምሽት ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቁልፉን ወደ ቀዳዳው ደጋግማ ብታስጠጋውም አልገባ አላት፤ ድምጿ ተሰበረ፣ ቃሉ ግን እስከ መጨረሻው ረድፍ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ትዕይንቱ አልቆ ከመጋረጃው ጀርባ ስትመጣ እንባዋ ገና አልደረቀም። ነጠላዋን ምስማሩ ላይ ሰቀለች፣ እግሮቿን አስተካክላ ቆመች፣ ፊቷን በሁለት መዳፏ አበሰች፣ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያም ሸሚዙን አቀበለችኝና በተለመደው ድምጿ «መምህር፣ የሁለተኛው ቁልፍ ክር ላልቷል፤ ለነገ ይሰፋልኝ» አለችኝ።