ድስቴን ያጠቆረው ጋዙ ሳይሆን የፈሰሰው ሽሮ ነበር

እኛ ጋ ጅማ መብራት ሲኖር ኤሌክትሪክ፣ ሲጠፋ ጋዝ፣ ለቡና ደሞ ከሰል ነው፣ ስለዚህ ጠባቧ ኩሽናዬ ውስጥ ሁሉም አይነት ምድጃ አለ። ማጽዳቱን ግን ለስንት አመት ሁሉንም አንድ አይነት ነበር የማደርገው፣ ላርጎና የድስት ሽቦ ይዤ በጉልበት መፈተግ።

ባለፈው ክረምት የጋዝ ምድጃዬ አንዱ አይን እሳቱ ቢጫ ሆነና ድስቶቼ ቂጣቸው በሙሉ ጥላሸት ለበሰ። ጋዙ ሊያልቅ ነው ብዬ ሲሊንደር ቀየርኩ፣ ያው ነው። አከራዬ ገብተው አዩና "ልጄ ጋዙ ምን አደረገ፣ አይኑን ክፈቺው እስቲ" አሉኝ። ክዳኑን ሳነሳ ዙሪያውን ያሉት ቀዳዳዎች ግማሾቹ ተደፍነዋል፣ ገንፍሎ የፈሰሰ ሽሮ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ላዩ ላይ ደሞ ከሰል ያለቀብኝ ቀን እዛው ከጣድኩት ጀበና የፈሰሰ ቡና። ለካ ጋዙ በደንብ እንዲነድ ከአየር ጋር እንደልቡ መቀላቀል አለበት፣ መንገዱ ሲደፈን ነው ሳይነድ የቀረው ጥላሸት ሆኖ ድስት ላይ የሚለጠፈው። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ነው።

ሲሊንደሩን ዘግቼ ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩና ክዳኑንና የአይኑን ቀለበት አውጥቼ በሙቅ ውሃና ላርጎ ግማሽ ሰአት ዘፈዘፍኩት፣ ከዛ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳሸው ያ ድንጋይ የመሰለው ነገር እንደ ጭቃ እየለቀቀ መጣ፣ ስንት ቀን በሽቦ ስታገለው የነበረውን ማለት ነው። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ከፈትኳቸው። ስንጥር አትጠቀሙ፣ ውስጡ ተሰብሮ ይቀራል፣ ታች ጋዙ የሚወጣባትን ትንሿን ቀዳዳ ደሞ እንዳታሰፏት።

ሁለት ነገር አጥፍቻለሁ። ሁለተኛውን ክዳን በቤኪንግ ሶዳና በሙቅ ውሃ አሳደርኩት፣ አልሙኒየም ስለሆነ ጠዋት ጠቁሮ አገኘሁት፣ አልሙኒየም ላርጎ ይበቃዋል። ሌላው ደሞ ቀለበቱን እርጥቡን መልሼ ገጠምኩት፣ በአንድ ጎን አልበራም አለ፣ ጠሽ ጠሽ እያለ ይጠፋል። በጅማ ዝናብ ምንም ነገር ቶሎ አይደርቅም፣ አሁን ማታ አጥቤ ደፍቼው አሳድራለሁ። ሲሊንደሩን ስከፍት ጎማው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ እቀባለሁ፣ አረፋው እየነፋ ከመጣ ጋዝ እያፈሰሰ ነው።

ባለ ሽቦው የሸክላ ስቶቭ ውሃ ጨርሶ አይወድም። ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ የከሰለውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። እኔ በቢላ ጫፍ ልፈነቅል ስል ሽቦው ቀጭ አለ፣ ብዙ የጋለ ሽቦ ይደርቃልና ትንሽ ነገር ይሰብረዋል። ባለ ብረት ሳህኑን ደሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ወዲያው ትንሽ አሞቀዋለሁ፣ ሲደርቅ ስስ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ካልሆነ ይዝጋል።

በጣም የማዝነው ግን በእህቴ መስታወት ስቶቭ ነው። ስኳር ያለው ወተት ገነፈለብኝና በሽቦ ፈተግኩት፣ ወተቱ ለቀቀ ግን መስታወቱ ላይ ጸጉር የመሰለ ጭረት ቀረ፣ መብራት ሲያርፍበት እስካሁን ይታያል። ቤኪንግ ሶዳ በትኖ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ሩብ ሰአት ቢቆይ፣ የቀረውን ምላጭ አጋድሞ ገፋ ገፋ ቢያደርጉት ይበቃው ነበር።

አንድ ነገር ደሞ እባካችሁ፣ ቶሎ እንዲጸዳ ብላችሁ በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ እንዳታደርጉ፣ የሚወጣው ክሎሪን መርዝ ነው፣ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ደሞ መሸሻም የለም።

አሁን ሽሮ በትልቁ ድስት፣ ከግማሽ በታች አድርጌ ነው የምሰራው። የጋዙ እሳት ዙሪያውን እኩል ሰማያዊ ሆኗል፣ ትላንት ድስቱን ሳነሳ ቂጡን በእጄ ዳሰስኩት፣ ምንም አልነካኝም።